ወደ መቅደላ የወጣው መንገድ፤ ዐፄ ቴዎድሮስና የመጨረሻው አቀበት

ከወልድያ ወደ ወረታ የሚወስደውን፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ እያለ የሚጠራውን ጎዳና ይዞ በመቄት ደጋ ላይ የሚጓዝ ሰው፣ ፍላቂት ሲደርስ ቆም ብሎ ግራና ቀኙን ቢመለከት በቤት ጣራ ላይ የቆመ ያህል ይሰማዋል። ከደጋው በስተሰሜን የሚወርደው ውሃ ወደ ተከዜ፣ በስተደቡብ የሚወርደው ደግሞ በዥጣና በበሽሎ አድርጎ ወደ ዓባይ ይሄዳል። ከእግሩ በታች ያለው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ ወጥቶ እንደ ውሃ የተንጣለለ፣ በኋላም ረግቶ የደረቀ የእሳተ ገሞራ ዓለት ነው። ደጋው ወደ ምዕራብ በደብረ ዘቢጥ አድርጎ እስከ ጨጨሆ፣ በሌላው ወገን ደግሞ በጋሸናና በኮን አድርጎ ወደ ዋድላ ይዘልቃል። በ1860 ዓ.ም. የበጋ ወራት ዐፄ ቴዎድሮስ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ የሄዱት ከጨጨሆ ወጥቶ ወደ ዋድላ በሚዘልቀው በዚሁ ደጋ ጀርባ ነው።

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ብዙ ተጽፏል። ስለ ጀግንነታቸው፣ ስለ ቁጣቸው፣ ኢትዮጵያን አንድ ለማድረግ ስለ ነበራቸው ሕልም፣ በመጨረሻም በገዛ እጃቸው ስለ መሞታቸው የታሪክ ጸሐፊዎችም የቲያትር ደራሲዎችም ደጋግመው ተናግረዋል። ለማኅበራችን አባላት የቀረበው ይህ ጽሑፍ ግን ንጉሠ ነገሥቱን የሚመለከታቸው ከአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ይኸውም መንገድ ሠሪነታቸው ነው። ከደብረ ታቦር ተነሥተው መቅደላ አምባ ላይ እስኪወጡ ድረስ ያደረጉት ዝግጅት በአገራችን የምሕንድስና ታሪክ ውስጥ ሊታለፍ የማይገባው ሥራ ከመሆኑም በላይ፣ ዛሬም ቢሆን በመንገድ ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው ራሱን ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ብርቱ ጥያቄ ይዟል።

ከቋራ እስከ ደረስጌ

በኋላ ቴዎድሮስ የተባለው ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ፣ እናቱ አትጠገብ ወንድበወሰን ይባላሉ። አባቱን በልጅነቱ ስላጣ ከእናቱ ጋር ችግር አይቶ ማደጉ፣ ለትምህርት በገባበት ገዳም ሳለም የመሳፍንቱ ጦርነት እስከ ገዳሙ ድረስ ደርሶ ሕፃናትን ሲፈጅ በአምላክ ቸርነት ተርፎ ማምለጡ ይነገራል። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበርና፣ ጎበዝ የሆነና ወገን ያጣ ሰው የሚከፈትለት በር ሽፍትነት ነበር። ካሣም በቋራ ቆላ ሸፈተ፤ ስሙም እየገነነ ሄደ። እቴጌ መነንና ልጃቸው ራስ ዓሊ በጦር ሊያሸንፉት እንደማይችሉ ባዩ ጊዜ የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን ድረው ሊያላምዱት ሞከሩ።

ለዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከሽፍትነቱ ዘመን ሁሉ ይልቅ የሚበልጠው ድርጊት በ1840 ዓ.ም. ዳባርቂ በተባለው ስፍራ የደረሰበት ሽንፈት ነው። ካሣ በሱዳን ጠረፍ በምሽግ ውስጥ የነበረውን የግብጽ ጦር በጀግንነት ብቻ ሊደመስስ ገሠገሠ። ምሽጉ ግን መድፍ ነበረው፤ ወታደሩም ሥርዓት የተማረ ነበር። የካሣ ሰዎች ወደ ምሽጉ ሳይጠጉ አለቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ነገሮች ከልቡ አልወጡም። አንደኛው ሥርዓት የያዘ ጦር፣ ሁለተኛው መድፍ ነው። የቀረው ዕድሜው እነዚህን ሁለቱን ፍለጋ የተደረገ ጉዞ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ የመሳፍንቱ ኃይል በየተራ ወደቀ። በ1845 ዓ.ም. ኅዳር ወር ደጃዝማች ጎሹ በጉር አምባ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ራስ ዓሊ በአይሻል ድል ሆኑ። በ1847 ዓ.ም. የካቲት ወር ደግሞ የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ በደረስጌ ተሸነፉ። ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አቡነ ሰላማ ካሣን ቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ አሰኟቸው። የንግሥናው ዘመን በሰሜን ተራሮች እንደ ተጀመረ፣ ፍጻሜውም በሌላ ተራራ ላይ ሆነ።

አምባው

ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ በኋላ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ወሎ ዘምተው በ1848 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ መቅደላን ያዙ። ዛሬ አምባ ማርያም የሚባለውና በደቡብ ወሎ በተንታ ወረዳ የሚገኘው ይህ ስፍራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ተራራ ሲባል ብዙዎቻችን በአሳባችን የሚመጣብን ሾጣጣ ቅርጽ ነው፤ መቅደላ ግን እንደዚያ አይደለም። የእሳተ ገሞራው ዓለት በየጊዜው እየፈሰሰ፣ አንዱ በሌላው ላይ እንደ እንጀራ ተደራርቦ ከተከመረ በኋላ፣ በሽሎና ገባሮቹ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ዙሪያውን ቆርጠው ሲጥሉት ከመካከል ሳይነካ የቀረ ቅሪት ነው። ራሱ ሜዳ፣ ጎኑ ገደል ነው። ከጎኑ ሰላምጌ የሚባል ሜዳና ፋላ የሚባል ሌላ አምባ አሉ።

በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው ዊሊያም ብላንፎርድ የተባለ የሥነ ምድር ሊቅ የዚህን አገር ዓለት አጥንቶ በ1862 ዓ.ም. ገደማ ባሳተመው መጽሐፍ የታችኛውን ድርድር በአሸንጌ፣ የላይኛውን በመቅደላ ስም ሰየመው። ስለዚህ መቅደላ የሚለው ስም በታሪክ መጻሕፍት ብቻ ሳይሆን በሥነ ምድር መጻሕፍትም ተጽፎ ይገኛል። የላስታ ሰዎችም ከዚህ ሁሉ በፊት የእሳተ ገሞራውን ድንጋይ ጠባይ ጠንቅቀው ያውቁት እንደ ነበር የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ምስክር ናቸው።

ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላን ግምጃ ቤትም፣ ወኅኒ ቤትም፣ ቤተ መጻሕፍትም አደረጉት። በአገሪቱ ካሉ አድባራት የሰበሰቧቸውን የብራና መጻሕፍት በመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አኖሩ። ወጣቱ ምኒልክም በእስረኛነት ያደጉት፣ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ወደ ሸዋ የተመለሱት ከዚሁ አምባ ነው።

ጋፋት

ንጉሠ ነገሥቱ ሊሠሩት ያሰቡት ሥራ ከዘመናቸው የቀደመ ነበር። ወታደሩ ባላገሩን እየዘረፈ እንዳይኖር ደመወዝ ሊሰጡት፣ የባሪያ ንግድን ሊያስቀሩ፣ ለቤተ ክህነት ከሚበቃው በላይ ሆኖ የታያቸውን የቤተ ክርስቲያን መሬት ቀንሰው ለገበሬ ሊሰጡ አሰቡ። ይህ የመጨረሻው አሳብ ካህናቱን አስቀየመ፤ ካህናቱን ያስቀየመ ንጉሥ ደግሞ በዚያ ዘመን ሕዝቡን በጎኑ ማቆየት አስቸጋሪ ይሆንበታል።

ከሥራቸው ሁሉ ዘላቂ ምልክት የተወው ግን በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተቋቋመው የእጅ ጥበብ መንደር ነው። በስዊስ አገር ካለው የቅዱስ ክሪስቾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት የመጡ እንደ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ያሉ ሰዎች ወንጌል ለመስበክ ቢመጡም ንጉሡ የፈለጓቸው ለእጃቸው ሙያ ነበር። አንዳቸውም ቢሆኑ መድፍ አቅልጠው የሚያውቁ አልነበሩም። ንጉሡ ግን አልተቀበሏቸውም፤ ሞክሩ አሏቸው። ሙከራው ከሸፈ፤ እንደገና ተሞከረ። ከብዙ ድካም በኋላ ትናንሽ መድፎች ተሠሩ፤ በ1859 ዓ.ም. ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል ከእቶኑ ወጣ። ስሙ የተወሰደው ከጥቂት ዓመታት በፊት በክሪሚያ ጦርነት ዝነኛ ከሆነው የሩሲያ ከተማ ነው። በጋፋት አጠገባቸው ቆመው የሠሩት የአገራችን ሰዎች ስማቸው ባይጻፍም ሥራው የእነርሱም መሆኑን ልንዘነጋ አይገባም።

መድፉ መንገድ ይፈልግ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር፣ ወደ ጎጃምና ወደ መቅደላ የሚወስዱ መንገዶችን ማሠራት የጀመሩት አስቀድመው ነው። ንጉሡ ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ እያነሡ፣ ቁጥቋጦ እየመነጠሩ ከጧት እስከ ማታ ይውሉ እንደ ነበር በዘመኑ ያዩአቸው የውጭ አገር ሰዎች መስክረዋል። ንጉሥ እጁን ካነሣ መኳንንቱ እጃቸውን አጣጥፈው ሊቆሙ አይችሉምና፣ በሥራ የሚያፍር ባህል በነበረበት አገር ይህ ድርጊት ብቻውን እንደ አንድ አዋጅ ይቆጠር ነበር።

የመንገዱ ዝግጅት

መንገዱ ወደ መቅደላ ያመራበት ምክንያት በአጭሩ ይህ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ ግን አላገኙም። ንቀት መስሎ ስለ ታያቸው ቆንስሉን ካሜሮንንና ሌሎችን አውሮፓውያን አሰሩ። በ1858 ዓ.ም. ሆርሙዝድ ራሳም ሊያስፈታቸው መጥቶ እርሱም በዚያው ዓመት ታሰረና ከሌሎቹ ጋር ወደ መቅደላ ተላከ። በዚህ መካከል መንግሥታቸው እያነሰ ሄደ። በሸዋ ምኒልክ፣ በትግራይ ካሣ ምርጫ ራሳቸውን ችለው ቆሙ። በላስታም አባታቸው በቴዎድሮስ ትእዛዝ የተሰቀሉባቸው ዋግሹም ጎበዜ ሸፈቱ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ከነአብያተ ክርስቲያናቷ ተቃጠለች፤ የበጌምድር ገበሬም ተዘረፈ። በመጨረሻ ለንጉሠ ነገሥቱ የቀራቸው ደብረ ታቦርና ዙሪያዋ እንዲሁም የሩቁ መቅደላ ብቻ ሆነ።

በ1860 ዓ.ም. መስከረም ወር መጨረሻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። ከእርሳቸው ጋር ሠራዊቱ፣ ሴቶቹና ሕፃናቱ፣ እስረኞቹ፣ የጋፋት ሠራተኞችና መድፎቹ ነበሩ። በዚያው ሰሞን በቀይ ባሕር ዳር በዙላ የእንግሊዝ ጦር ቀዳሚ ክፍል ከመርከብ እየወረደ ነበር። ስለዚህ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጉዞዎች ወደ አንድ ተራራ ተጀመሩ፤ አንዱ ከምዕራብ፣ ሌላው ከሰሜን።

የደብረ ታቦርና የመቅደላ ርቀት በቀጥታ መስመር ቢለካ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ይህንን ለመጨረስ አምስት ወር ተኩል ያህል ፈጀባቸው፤ ሲካፈል በቀን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህን የሰማ ሰው ጉዞውን ሊንቅ ይችላል። የሙያ ባልደረቦቻችን ግን አንድ ቀላል ስሌት ቢሠሩ አድናቆታቸው ይጨምራል። ሰባት ቶን 70 ኩንታል ነው። በአህያ ቢጫን 140 አህያ ይፈልጋል፤ እህል ቢሆን ተከፋፍሎ ይጫናል፣ መድፍ ግን አይከፋፈልም። በመቶ አሥር በሚወጣ አቀበት ላይ የክብደቱ አንድ አሥረኛ፣ ማለት 700 ኪሎ ያህል ወደ ኋላ ይስባል። በልል አፈር ላይ መንኮራኩሩ የሚገጥመውን ተቃውሞ በሌላ 700 ኪሎ ብንገምት፣ የሠረገላውን ክብደት ሳንቆጥር 1,400 ኪሎ ይሆናል። አንድ ሰው ሳያቋርጥ 15 ኪሎ ያህል ቢጎትት ወደ 100 የሚጠጋ ሰው በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ልብ ጠፍሩን መሳብ አለበት። አቀበቱ በእጥፍ ሲቆም 140 ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሰው በጠባብ ጠመዝማዛ ላይ ተሰልፎ የሚቆምበት ቦታ ማግኘት ደግሞ ራሱን የቻለ ችግር ነው። ቁልቁለቱ ከአቀበቱ ይብሳል፤ ከኋላ ሆኖ የሚይዘው ሰው ለአፍታ ቢዘናጋ መድፉም ሰዎቹም አብረው ገደል ይገባሉ።

ስለዚህ ሥራው ከመጎተት ይልቅ ማዘጋጀት ነበር። ፊት ፊት የሚሄዱት ዛፍ ይቆርጣሉ፣ ድንጋይ ይፈነቅላሉ። ዓለቱ እምቢ ሲል የባሩድ ፍንዳታ ይከፍተዋል። ጎድጓዳው በድንጋይና በግንድ ይሞላል፤ ቀጥ ያለው ገደል ላይ መንገዱ እየታጠፈ እንዲወርድ ጎኑ ይቦረቦራል። አንድ ክፍል ሲያልቅ ሠረገሎቹ ያልፋሉ፤ ከዚያ ሥራው እንደገና ይጀመራል። ከጋይንት ወደ ጨጨሆ፣ ከጨጨሆ ወደ ዘቢጥ፣ ከዘቢጥ ወደ ዋድላ የሄደው በዚህ ሁኔታ ነው።

ዋናው ፈተና የመጣው በዋድላ ዳር ነው። ከቤተ ሖር አጠገብ ደጋው በድንገት ተቆርጦ ወደ ዥጣ ሸለቆ ይወርዳል፤ ጥልቀቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ወርዶ ወንዙን ተሻግሮ በወዲያኛው በኩል ወደ ደላንታ መውጣት፣ ከደላንታ ደግሞ እንደገና ያንኑ ያህል ወደ በሽሎ መውረድና ወደ መቅደላ ግርጌ መውጣት ግድ ይሆናል። እዚህ ላይ የአገሩ ዓለት ጠላትም ወዳጅም ነበር። የተደራረበው ጥቁር ድንጋይ አንዳንዱ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በድርድሮቹ መካከል ያለው ልል ንብርብር ግን እየተሸረሸረ እንደ እርከን ይዘረጋል። የገደሉን ተፈጥሮ ያስተዋለ መንገድ ሠሪ እርከኑን ተከትሎ ይሄዳል፤ ምሰሶውን የሚሰብረው ሌላ መተላለፊያ ሲያጣ ብቻ ነው። ዛሬም ከጋሸና በኮን አድርጎ ወደ ወገል ጤናና ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ይህንኑ ሸለቆ ማቋረጥ ግድ ሆኖበታል። የዶዘርና የድማሚት ባለቤት የሆነው ትውልድ የጠፍርና የባሩድ ባለቤት የነበሩትን አባቶቹን ሥራ ሊንቅ አይገባውም።

በመጋቢት ወር ዐፄ ቴዎድሮስ በሽሎን ተሻግረው ሴባስቶፖልን ሰላምጌ ላይ አወጡ። በአገራችን ታሪክ ከዚያ በፊት ይህን ያህል ክብደት በመንኮራኩር ወደ እንዲህ ያለ ከፍታ የወጣበት ጊዜ መኖሩን የሚያስረዳ ማስረጃ የለም።

ሁለት ዓይነት አወጣጥ

በሩቅ ምሥራቅ በጃፓን አገርም ሕዝቡ የሚያከብረው አንድ የእሳተ ገሞራ ተራራ አለ፤ 3,776 ሜትር ከፍታ ያለው ፉጂ ነው። በዚያው በ19ኛው መቶ ዓመት የጃፓን ገበሬዎችና ነጋዴዎች ወደ ፉጂ ለመውጣት ማኅበር ይገቡ ነበር። እንደ እኛ እቁብ ገንዘብ አዋጥተው ዕጣ የወጣለትን በየዓመቱ ይልካሉ፤ የሄደውም ነጭ ልብስ ለብሶ በትር ይዞ ማኅበርተኛውን ሁሉ ወክሎ ይወጣል። ተራራ ወጪው ሸክሙን ያቀልላል፤ ከኋላው ግን መንደሩ በሙሉ አለ።

ዐፄ ቴዎድሮስ የወጡት በተቃራኒው ነው። ሸክማቸው በአገሩ ከነበረው ሁሉ የከበደ ነበር፤ ከኋላቸው ግን ማንም አልነበረም። የተቃጠለው ደብረ ታቦር፣ የተዘረፈው በጌምድር፣ የሸፈተው ላስታ በጉዞው ዙሪያ ሁሉ እንደ እሾህ አጥር ነበር። ሠራዊቱ ሌሊት ሌሊት ይከዳል፤ ስንቅ የሚገኘው በዝርፊያ ነው፤ የተዘረፈው ባላገር ደግሞ ለሚመጣው እንግዳ ጦር እህልና ሣር ለመሸጥ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል። ተራራው አልከበዳቸውም፤ መድፉም አልከበዳቸውም። ከአቅማቸው በላይ የሆነው ከሕዝቡ ጋር የፈረሰው ግንኙነት ነው።

ጄኔራል ሮበርት ናፒየር ይዞት የመጣው ጦር 13,000 ያህል ወታደርና ከዚያ የሚበልጥ አገልጋይ፣ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ የጭነት ከብቶችና 44 ዝሆኖች ነበሩት። ለዚህ ዘመቻ በዙላ ወደብና የባቡር ሐዲድ ተሠራ፤ ወጪው ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ። ከባሕር ዳር እስከ መቅደላ ያለው መንገድ 640 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በመንገዱ ላይ የነበሩት ገዥዎች ካሣ ምርጫም ሆኑ ዋግሹም ጎበዜ አልተዋጉትም። ጦሩ በአሸንጌ አድርጎ የተከዜን ምንጮች ተሻግሮ ወደ ዋድላ ደጋ ወጣ። በመጋቢት ማለቂያም ቤተ ሖር ሲደርስ አንድ ያልጠበቀው ነገር አገኘ። ወደ ዥጣ የሚወርድ፣ ከዥጣም ወደ ደላንታ የሚወጣ ሰፊና በሚገባ የተሠራ መንገድ ከፊቱ ተዘርግቶ ነበር።

የእንግሊዝ መሐንዲሶች መንገዱን አድንቀው ጽፈዋል፤ በላዩም ተጉዘዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድፋቸው የቆረጡት መንገድ ሳምንታት ብቻ ቆይቶ የጠላታቸውን ጦርና ዝሆኖች አሳለፈ። ገደሉ ብቻውን ለሳምንታት ሊያቆመው ይችል የነበረ ጦር በጥቂት ቀናት ውስጥ በበሽሎ ዳር ተገኘ።

ፍጻሜው

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የታወቀ ስለሆነ በአጭሩ እንገልጸዋለን። ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም. በቁጣ ተነሣስተው በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን አስገድለው ወደ ገደል አስጣሉ። ይህን ድርጊት ለመሸፋፈን መሞከር ለታሪክም ለእርሳቸውም አይበጅም። በማግሥቱ በስቅለት ዕለት ሠራዊታቸው በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት ወደ አሮጌ ሜዳ ወረደ። ከፋላ ላይ የተተኮሱት መድፎች ከከፍታው የተነሣ ኢላማቸውን እየዘለሉ አለፉ፤ አንዱ ትልቅ መድፍም ገና ሲተኮስ ፈነዳ። ፊታውራሪ ገብርዬና 700 የሚያህሉ ሰዎች ወደቁ። ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። አምስት ወር ተኩል የተጎተተው ሴባስቶፖል የጦርነቱን ውጤት አልለወጠም። በዳባርቂ የተጀመረው የመድፍ ሕልም በዚህ ሁኔታ አከተመ።

አውሮፓውያን እስረኞች ከጦርነቱ በኋላ ተለቀቁ፤ ናፒየር ግን እጅዎን ይስጡ ከማለት አልተመለሰም። በትንሣኤ ማግሥት፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ የእንግሊዝ ወታደሮች ወደ መቅደላ በር ወጡ። እዚህ ላይ ለሙያችን ሰዎች ትምህርት የሚሆን አንድ ነገር አለ። ባቡርና ወደብ ሠርቶ፣ ዝሆን ከሕንድ አስመጥቶ የመጣው ጦር መጨረሻው በር ላይ ሲደርስ መሐንዲሶቹ በሩን የሚያፈርሱበትን ባሩድና ግንቡን የሚወጡበትን መሰላል ረስተው መጥተው ነበር። ጥቂት ወታደሮች አጥሩን በጫንቃቸው እየተደጋገፉ ዘለሉና ከፈቱላቸው። ከበስተ ውስጥ የሚከላከል ብዙ ሰው ቢኖር ኖሮ ይህ ስሕተት ብዙ ደም ባስከፈለ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ሰው አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ ለጠላት እጃቸውን ላለመስጠት ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ ሕይወታቸውን አሳለፉ። በመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ።

እንግሊዞች አምባውን አቃጥለው ሲሄዱ የብራና መጻሕፍቱንና ንዋያተ ቅድሳቱን በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ጭነው ወሰዱ። እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ዐረፉ፤ ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞተ። ናፒየርም የመቅደላ ባሮን ተብሎ ተሾመ። ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ የቆዩት ግን ሦስት ዓመት ገደማ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት በጃፓን የሜጂ ዘመን ተጀምሮ ነበር። ቴዎድሮስ የተመኙትን ዓይነት ለውጥ ያ አገር በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ሲፈጽም የእኛ ገና ብዙ ዘመን ሊጠብቅ ግድ ሆነ።

ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ ወድቆ ይገኛል። ማረፊያው ድረስ የወሰዱትን ሰዎች ጥንካሬ ያህል ጠንክሮ ስለ ነበር እንግሊዞችም ሊወስዱት አልቻሉም። አምሳያው በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል፤ በየቀኑ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በአጠገቡ ያልፋል።

በመግቢያችን ብርቱ ጥያቄ አለ ብለን ነበር። ጥያቄው፣ መንገድ የማን ነው? የሚል ነው። የዥጣን መንገድ ያሠራው ንጉሥ ጎበዝ መሐንዲስ ነበር ብንል ሐሰት አይሆንም። የመሬቱን ተፈጥሮ አውቋል፣ የሚሸከመውን ክብደት አስልቷል፣ ሠራተኛውን አደራጅቷል፣ ራሱም ድንጋይ ተሸክሟል። ያልቆጠረው ነገር ግን አንድ ነበር፤ መንገዱ የሚያልፍበት አገር ገበሬ ነው። ገበሬው መንገዱን የእኔ ነው ቢለው ኖሮ እንግዳውን ጦር የሚጠብቀው በየጠመዝማዛው ነበር። የእኔ ያላለው መንገድ ግን ቀድሞ ለደረሰ ሁሉ ክፍት ሆነ። በጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ንድፍ ዳገቱንና ቁልቁለቱን፣ የድንጋዩን ጥንካሬና የውሃውን መውረጃ ያሳያል፤ መንገዱ የሚያቋርጠው ማሳ ባለቤት ልብ ግን በንድፍ ላይ አይታይም፤ ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በቅርብ ዘመን በመቄት ገደል አፋፍ ላይ ለመንሸራሸር የሚመጡ እንግዶች የባላገሩን ጎጆ ተከራይተው እያደሩ፣ አህያውን ተከራይተው ዕቃቸውን እያስጫኑ ያንን ደጋ ተጉዘዋል። ከአፋፉ ወደ ታች ሲመለከቱ ከእግራቸው ሥር ያለው ሸለቆ ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ በፊት ምን እንዳየ የሚነግራቸው ቢያገኙ መልካም ነው። የሙያችን ሰዎችም በዚያ በኩል ሲያልፉ መኪናቸውን አቁመው አፍታ ቢመለከቱ፣ ከየትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ያላገኙትን ትምህርት ያገኛሉ ብለን እናምናለን።